ቸኮል

በሰባት ወር ነው እኔ የተወለድኩት፣
ስሜንም «ቸኮል» ብለው ያኔ ነው ያወጡት።
ከዚያ ወዲህ ጎረቤት፣ መምህር፣ ዘመድ፣
እግሬን ባነሳሁ ቁጥር ልራመድ፣
አንዲት ምክር ነበረች ለኔ የተቀመጠች፦
«የቸኮለች» ይሉኛል፣ «አፍሳ ለቀመች።»

ዐሥራ አራት ዓመት ኪርያት ጋት ፋብሪካ
ካርቶን ሳሽግ ኖርኩኝ፣ ቁመቱን ስለካ።
መጋዘኑ በር ላይ ያ ነጭ መኪና ግን
ቀና ያደርግ ነበር የደፋሁትን አንገቴን፤
ሹፌሩ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ
አንዲት ሣጥን ይዞ በቅጽበት ሲጠፋ።
ብጠይቅ «አስቸኳይ ጭነት ነው» አሉኝ።
ሳቄ መጣ። አስቸኳይ? ይኼማ የኔ ስም ነው!
ስገሠጽበት የኖርኩት፣ እዚህ ለካ ሙያ ነው።

ቫኗን የሸጠልኝ አበባ ነጋዴ ነው፤
ሦስት መቶ ዐሥር ሺህ ኪሎ ሜትር የሮጠች፣
በሯ ሲከፈት ዛሬም ጽጌረዳ የምትሸት፣
ክላቿ የሚንቋቋ እንደ ሽማግሌ ጉልበት።
ባንኩ ዋስ አምጣ አለኝ። የሚስቴ ወንድም ዋሴ
በስሙም በብዕሩም ሆነልኝ ዋሴ።
ያልጋነሽ ግን ደብተር አውጥታ በእርሳስ
ጻፈች፦ ነዳጅ፣ ጎማ፣ ግብር፣ ኢንሹራንስ፤
ግርጌው ላይ ባዶ ቦታ ተወች፣ ገቢ እስኪደርስ።

ዘጠኝ ዓመት የነዳው የጋሼ ማሩ ምክር አጭር ነበር፦
«‹እሺ› ከማለትህ በፊት ባዶህን የምትመለሰውን መንገድ ቁጠር።
ቁርስህን ያዝ። ጭነትህን እሰር።
ካሰርክ በኋላ፣ እንዳላሰረ ሰው ሆነህ እሰር።»

ከዚያ ሦስት ቀን ጥበቃ። ስልኬን አልጋ ላይ፣ ስልኬን ሽንት ቤት፣
ስልኬን እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ በየሄድኩበት።

በአራተኛው ሌሊት ላሪሳ ከሎድ ደወለች፦
«ቸኮል? ካየር ማረፊያ ዲሞና። አንድ ካርቶን» አለች።
«ፓምፕ ቆሟል። ሁለት መቶ ዐርባ ብሎን። እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት።»
አንድ ካርቶን! የጫማ ሣጥን የምታህል፣
በዚያ ሁሉ ባዶ ውስጥ እንግዳ የምትመስል።
«ይቺን ደግሞ ማን ያስራታል?» አልኩና በሩን ዘጋሁት፤
የሚያስከፍለውን መንገድ፣ ስድስት ቁጥርን መረጥኩት።
የኪርያት ጋት መብራት በቀኜ አለፈ። ያልጋነሽ ተኝታለች፤
ደብተሯ ግን አልተኛም።

ቤት ካማ፣ አደባባዩን ስዞር፣ ከኋላዬ ዝናብ ሰማሁ።
ሰማዩ ደረቅ ነው። የብረት ዝናብ መሆኑ ሲገባኝ
ማደያው በር ላይ ቆምኩ። በሩን ስከፍት
ግማሹ አስፋልት ላይ ተንከባለለ።

የማደያው ሠራተኛ፣ የራሃት ልጅ፣ ሳልማን፣
ማግኔት ይዞ ሮጦ መጣ። ማግኔቱ ግን
አንዲቷንም አላነሳ። የማይዝግ ብረት ነው፤
የሚያነሳው ጣት ነው።
ተንበረከክን በስልኩ ብርሃን፣ አስፋልት ላይ እኛ፣
እሱ በዐረብኛ ሲቆጥር፣ እኔ በአማርኛ፤
ድምሩን በዕብራይስጥ አስታረቅን።

ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ።
ዐሥር ሰዓት ሆነብኝ።
«አፍሳ ለቀመች» ያሉኝ ሁሉ፣ የሞቱትም ሳይቀሩ፣
መንገዱ ዳር ተሰልፈው አዩኝ፤ ምንም አልተናገሩ።

ሳልማን ነው ያገኛት። በተንሸራታቹ በር ሐዲድ ውስጥ ሰጥማ፣
ከደረቀች ጽጌረዳ ቅንጣት ሥር ተጋድማ።
ከዚያ የራሱን ገመድ አመጣ፤ ካርቶኑን አስሮ፣
ቋጠሮውን ስቦ፣ እንደገና አስሮ፣
«ስትመለስ» አለኝ። ገመዱን ማለቱ ነው።

ዲሞና በር ላይ አለቃው ሰላም አላለኝም።
ካርቶኑን መዘነ፣ ፈረመ፣ «አራት ደቂቃ» አለ፤
ያረፈድኩትን ነው።
እኔም አልመለስኩለትም። ደረሰኙን ያዝኩና
ደረጃው ላይ ተቀምጬ ቁርሴን በላሁ፤
ትንሽ ቆይቶ ከግንቡ ጀርባ አንድ ነገር ማጉረምረም ጀመረ፤
ፓምፑ ይሁን ሌላ፣ አላውቅም።

ባዶዬን ተመለስኩ፣ በቤት ካማ በኩል።

ያልጋነሽ ደመረች፣ ቀነሰች፣ እርሳሷን ነከሰች።
ስልሳ አንድ ሰቅል ተረፈ። እርሳሱን ተቀብዬ
ከነዳጁ በታች፣ በራሴ እጅ ጻፍኩ፦
ገመድ፣ ሁለት።